ሴጋ የኮንሶል ገበያውን ለምን አጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሴጋ ኮንሶሎች (ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙ የቤት ቪዲዮ ጌም መጫወቻዎች) መነሣትና መውደቅ ላይ በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሴጋ የየት አገር ኩባንያ ነው? ኮንሶል መሥራትስ መቼ ጀመረ?

ሴጋ መቀመጫው ቶኪዮ የሆነ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ከጅምሩ ግን የአሜሪካውያን እጅ አለበት። ሥሩ የሚመዘዘው ለአሜሪካ የጦር ሰፈሮች በሳንቲም የሚሠሩ ማሽኖችን ያቀርብ ከነበረ ድርጅት ሲሆን፣ በ1965 ዴቪድ ሮዘን የተባሉ በጃፓን የሚኖሩ አሜሪካዊ ነጋዴ ካቋቋሙት ኩባንያ ጋር ተዋህዶ ሴጋ ኢንተርፕራይዝስ ሆነ። ለብዙ ዓመታት እንጀራው በጌም አዳራሾች የሚቆሙት ትልልቅ ማሽኖች ነበሩ። የመጀመሪያውን የቤት ኮንሶሉን፣ ኤስጂ-1000ን፣ ያወጣው ጁላይ 15 ቀን 1983 ነው። አጋጣሚ ሆኖ ኒንቴንዶም ፋሚኮም የተባለውን ኮንሶሉን ለገበያ ያቀረበው በዚሁ ዕለት ነበር፤ ጃፓንን ያጥለቀለቀውም ፋሚኮም እንጂ የሴጋው አልነበረም።

ከአዳራሽ ማሽን ንግድ የመጣ ኩባንያ መሆኑ ኋላ ለደረሰበት ነገር ትልቅ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። የጌም አዳራሽ ያለው ነጋዴ በየዓመቱ አዲስና ይበልጥ የሚያስደምም ማሽን ቢመጣለት ደስ ይለዋል፤ ደንበኛውን የሚስበው አዲስ ነገር ነውና። ለልጁ ኮንሶል የገዛ ወላጅ ግን ያወጣው ገንዘብ ቢያንስ አራት አምስት ዓመት እንዲያገለግለው ይጠብቃል። ሴጋ በ1990ዎቹ የቤት ደንበኛውን እንደ አዳራሽ ባለቤት ቆጥሮ አዲስ መሣሪያ በላይ በላይ ያቀርብለት ነበር።

ሴጋ ከስሮ ተዘግቷል ማለት ነው?

አይደለም። ሴጋ ያቆመው ኮንሶል መሥራትን ብቻ ነው። ውሳኔውን ያስታወቀው በጃንዋሪ 2001 ሲሆን፣ በ2004 ሳሚ ከተባለ የጃፓን የቁማርና የመዝናኛ ማሽን አምራች ጋር ተጣምሮ ሴጋ ሳሚ በሚባል ኩባንያ ሥር ገባ። ዛሬ ለሶኒ፣ ለኒንቴንዶ፣ ለማይክሮሶፍትና ለኮምፒዩተር የሚሆኑ ጌሞችን ይሠራል፤ በ2023 አንግሪ በርድስን የሠራውን የፊንላንድ ኩባንያ ሮቪዮን እስከ መግዛት ደርሷል። ለዘመናት የኒንቴንዶ ባላንጣ ተደርጎ ይታይ የነበረው የሴጋ መለያ ገጸ ባሕርይ ሶኒክም ገና 2001 ሳያልቅ በኒንቴንዶ መሣሪያዎች ላይ መጫወት ጀምሯል።

ሜጋ ድራይቭና ጄነሲስ የተለያዩ ኮንሶሎች ናቸው?

አንድ ናቸው። በ1988 በጃፓን ሜጋ ድራይቭ ተብሎ የወጣው ባለ 16 ቢት ኮንሶል በ1989 ሰሜን አሜሪካ ሲገባ ጄነሲስ ተባለ። በአውሮፓ ስሙ እንደ ጃፓኑ ሜጋ ድራይቭ ነው።

በእርግጥ ሴጋ ኒንቴንዶን በልጦ ነበር?

በአሜሪካ አዎን፤ በዓለም ደረጃ ግን አይደለም። 1990ዎቹ ሲጀምሩ የአሜሪካ የቤት ጌም ገበያ ከሞላ ጎደል የኒንቴንዶ ነበር። በ1990 ቀደም ሲል አሻንጉሊት ሠሪውን ማቴልን የመሩት ቶም ካሊንስኪ የሴጋን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሲረከቡ ለጃፓን አለቆቻቸው ያቀረቡት ዕቅድ ብዙዎቹን ያስደነገጠ ነበር። ዋጋው ይቀነስ፤ ከኮንሶሉ ጋር በነፃ የሚሰጠው ጌም አዲሱ ሶኒክ ይሁን፤ ለአሜሪካውያን የሚስማሙ የስፖርት ጌሞች እዚያው አሜሪካ ይሠሩ፤ በማስታወቂያውም ኒንቴንዶ በስሙ ተጠርቶ ይነቀፍ የሚል ነበር። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሃያኦ ናካያማ የቢሮው ተቃውሞ ቢኖርም ዕቅዱን ፈቀዱ። ሶኒክ በጁን 1991 ከወጣ በኋላ ባሉት አራት የገና ገበያዎች በአሜሪካ ብዙ የሸጠው የሴጋ ኮንሶል ነበር።

ይህ ድል የሚዘነጋ አንድ ጎን አለው። በገዛ አገሩ በጃፓን ሜጋ ድራይቭ ከኒንቴንዶው ሱፐር ፋሚኮምም ከኤንኢሲው ፒሲ ኢንጂንም በታች ሦስተኛ ነበር። በመጨረሻው ሒሳብ በዓለም ዙሪያ ሜጋ ድራይቭ 30 ሚሊዮን ገደማ ሲሸጥ የኒንቴንዶው ተወዳዳሪ 49 ሚሊዮን ደርሷል። ስለዚህ የኩባንያው ትርፍ ከአሜሪካና ከአውሮፓ እየመጣ፣ ውሳኔው ደግሞ ይኸው ኮንሶል ባልተሳካበት በቶኪዮ ይሰጥ ነበር። ይህ አለመጣጣም ሥር የሰደደ ቅሬታ ፈጥሯል።

ውድቀቱ የጀመረው መቼ ነው?

ብዙ ሰው የሴጋን የመጨረሻ ኮንሶል፣ ድሪምካስትን፣ ይጠቅሳል፤ ነገሩ የጀመረው ግን ሴጋ ገና በከፍታው ላይ ሳለ ነው። በ1992 በሜጋ ድራይቭ ላይ የሚገጠም ሴጋ ሲዲ የተባለ ተቀጥላ በ299 ዶላር ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ፤ ይህም ከራሱ ከኮንሶሉ ዋጋ የሚበልጥ ነበር። የተሠሩለት ጌሞች ብዙዎቹ ከቪዲዮ ፊልም እምብዛም የማይለዩ፣ ተጫዋቹ አልፎ አልፎ ቁልፍ ከመጫን በቀር የሚሠራው የሌለባቸው ነበሩ። በዓለም የተሸጠው ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል፤ ይህም ሜጋ ድራይቭ ከነበረው ከአሥር ቤት በአንዱ እንኳ አልገባም ማለት ነው።

የባሰው 32ኤክስ ነው። ይህም በሜጋ ድራይቭ ላይ የሚሰካ፣ ኮንሶሉን ወደ 32 ቢት ያሳድጋል የተባለለት ተቀጥላ ሲሆን፣ በኖቬምበር 1994 በ159 ዶላር አሜሪካ ገባ። ችግሩ በዚያው ወር ሴጋ ራሱ ሙሉ ባለ 32 ቢት ኮንሶሉን፣ ሳተርንን፣ በጃፓን መሸጥ መጀመሩ ነው። ሳተርን በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚመጣ ያነበበ አሜሪካዊ 32ኤክስን የሚገዛበት ምክንያት አልነበረውም፤ ጌም ሠሪ ኩባንያዎችም ለእሱ መድከሙን ትተው ዐይናቸውን ወደ ሳተርን አዞሩ። በጠቅላላው 40 ያህል ጌሞች ብቻ ወጥተውለት በ1996 ከ20 ዶላር በታች ዋጋ ተለጥፎበት ከመደርደሪያ እንዲወርድ ተደረገ። በ159 ዶላር የገዙት ሰዎች የሴጋ ታማኝ ደንበኞች ነበሩ፤ የተጎዱትም እነሱው ናቸው።

ሳተርን በፕሌይስቴሽን የተሸነፈው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት አሠራሩ ነው። ሳተርን በሁለት አቅጣጫ ሥዕል ረገድ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ ለሦስት አቅጣጫ ዓለም ግን ሁለት ሂታቺ ኤስኤች-2 ፕሮሰሰሮችና ሌሎች በርካታ ቺፖች ሥራውን ተከፋፍለው እንዲሠሩ ይጠበቅ ነበር። ሁለቱን ፕሮሰሰሮች አንዱ ሌላውን ሳያስጠብቅ ማሠራት ለፕሮግራም ጸሐፊ ከባድ ፈተና በመሆኑ ብዙ ኩባንያዎች ሁለተኛውን ችላ ብለው በአንዱ ብቻ ይሠሩ ነበር። በዚህ ላይ የተቀረው ኢንዱስትሪ ምስልን በሦስት ማዕዘን ሲገነባ ሳተርን በአራት ማዕዘን ይገነባ ስለነበር፣ ለሌላ መሣሪያ የተሠራን ጌም ወደ እሱ ማዛወር ድካም ነበረው።

ሶኒ በበኩሉ የነበረውን ዕድል በሚገባ ተጠቀመበት። የፕሌይስቴሽን ንድፍ ለሦስት አቅጣጫ ምስል የታሰበና ቀለል ያለ ሲሆን፣ ለጌም ሠሪዎች የተዘጋጀ የተሟላ የመሥሪያ ሶፍትዌር ገና ከጅምሩ ይቀርብ ነበር። በአዳራሽ ማሽን ገበያ የሴጋ ዋና ተፎካካሪ የነበረው ናምኮ ጌሞቹን ይዞ ወደ ሶኒ ገባ። በ1996 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጌም ሠሪው ስኩዌር የታወቀው ተከታታይ ጌሙን የፋይናል ፋንታሲን ቀጣይ ክፍል በኒንቴንዶ ሳይሆን በፕሌይስቴሽን እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ የጃፓን ገበያም ወደ ሶኒ አዘነበለ።

ሆኖም ሳተርን በሁሉም ቦታ ወደቀ ማለት ስሕተት ነው። ቨርቹዋ ፋይተር የተባለው የሴጋ የአዳራሽ ጌም ተወዳጅ በነበረበት በጃፓን ጥሩ ተሸጧል፤ በዓለም ከተሸጠው 9 ሚሊዮን ገደማ ከግማሽ የሚበልጠው እዚያ የተሸጠ ነው። ሽንፈቱ አስከፊ የሆነው ሴጋ ይመካበት በነበረው በአሜሪካና በአውሮፓ ነው። ፕሌይስቴሽን በዕድሜው ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

በሜይ 1995 ሎስ አንጀለስ ላይ የሆነው ምንድን ነው?

ሳተርን በአሜሪካ የሚወጣው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1995 እንደሆነ ተነግሮ ሁሉም በዚያ ቀን ይዘጋጅ ነበር። ቶኪዮ ግን ከሶኒ መቅደም አለብን ብሎ ወሰነ። በሜይ 11 ቀን ኢ-3 በተባለው የጌም ትርዒት የመጀመሪያ ዝግጅት ላይ ካሊንስኪ መድረክ ወጥተው ሳተርን በአራት የተመረጡ የመደብር ሰንሰለቶች ከዚያች ዕለት ጀምሮ በ399 ዶላር እንደሚሸጥ አስታወቁ። በዚያው ቀን የሶኒ ተናጋሪ ስቲቭ ሬስ ተራቸው ደርሶ ወደ መድረክ ወጡና «299» ብለው ወረዱ። የፕሌይስቴሽን ዋጋ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

በዋጋ መበለጡ ጉዳት ነበር፤ የከፋውን ጉዳት ያመጣው ግን ድንገተኛነቱ ነው። ዕቃው ስላልበቃ እንደ ዋልማርትና ቤስት ባይ ያሉ ግዙፍ ቸርቻሪዎች አልደረሳቸውም፤ ኬቢ ቶይስ የተባለው የአሻንጉሊት መደብር ሰንሰለት በመናቁ ተቆጥቶ የሴጋን ዕቃ ከመደብሮቹ አስወጣ። ሥራቸውን ለሴፕቴምበር ያቀዱ ጌም ሠሪዎችም ጌማቸው ሳይደርስ ኮንሶሉ ወጣባቸው። በዚህ የተነሣ ሳተርንን በሜይ የገዛ ሰው ለወራት በጣት በሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም የሴጋ በሆኑ ጌሞች ብቻ መቆየት ግድ ሆነበት። ፕሌይስቴሽን በሴፕቴምበር 9 ሲወጣ በሁለት ቀን የተሸጠው ሳተርን እስከዚያ ድረስ ከሸጠው በለጠ። አራት ወር መቅደም ምንም አልጠቀመም፤ ቸርቻሪውን፣ ጌም ሠሪውንና ገዢውን ግን በአንድ ቀን አስቀየመ።

ጥፋቱ የጃፓኖቹ ነው ወይስ የአሜሪካኖቹ?

በእንግሊዝኛ የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካውን ቅርንጫፍ ጀግና፣ የቶኪዮውን ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ግትር አድርጎ ያቀርባል። ለዚህ መሠረት የሚሆኑ ነገሮች አሉ። ካሊንስኪ ራሳቸው ኋላ እንደተናገሩት፣ ከሶኒ ጋር በጋራ ኮንሶል ለመሥራት የታሰበው ሐሳብና ሲሊኮን ግራፊክስ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ኩባንያ ያቀረበው ቺፕ ሁለቱም በቶኪዮ ውድቅ ተደርገዋል፤ የሲሊኮን ግራፊክስ ቴክኖሎጂ በኋላ ኒንቴንዶ 64 ውስጥ ገብቷል። የሜዩን ድንገተኛ ሽያጭም የተቃወሙት እሳቸው ነበሩ። በ1995 መጨረሻ ናካያማ ትኩረቱ ሁሉ በሳተርን ላይ ይሁን ሲሉ ደግሞ በአሜሪካ ገና በደንብ ይሸጥ የነበረው ጄነሲስ ችላ ተባለ፤ የ16 ቢቱን ጌም ያልተወው ኒንቴንዶ የዚያን ገና ትርፍ ሰበሰበ።

ይሁንና ምስክሩ በአብዛኛው የአንድ ወገን መሆኑን መዘንጋት አይገባም። 32ኤክስን ለገበያ በቀረበበት መልኩ ያራመደው የአሜሪካው ቡድን ነው። ለሳተርን ይሠራ የነበረው ትልቁ የሶኒክ ጌም፣ ሶኒክ ኤክስትሪም፣ ተጀምሮ በ1996 ሳያልቅ የቀረውም በአሜሪካ ስቱዲዮ እጅ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሳተርን የኩባንያው መለያ የሆነውን ገጸ ባሕርይ ዋና ጌም ሳያይ ሞተ። ሁለቱ ቤቶች በየፊናቸው መሣሪያ ነድፈው የየራሳቸውን ሲገፉ ማስቆም የነበረበት የበላይ አካል ሁለቱንም ፈቀደ። እኔ ጥፋቱን የማየው እዚህ ላይ ነው።

ካሊንስኪ በ1996 ለቀቁ። ከሶኒ የመጡት ተተኪው በርኒ ስቶላር በ1997 ሳተርን የኩባንያው የወደፊት ተስፋ እንዳልሆነ በአደባባይ ተናገሩ። ኮንሶሉ ገና በመደርደሪያ ላይ ነበር።

ድሪምካስት ጥሩ ኮንሶል ከነበረ ለምን አልዳነም?

ጥሩ ነበር። በኖቬምበር 1998 በጃፓን፣ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 ደግሞ በአሜሪካ ሲወጣ ቀደም ሲል የተፈጸሙትን ስሕተቶች አንድ በአንድ ያረመ ይመስል ነበር። ለፕሮግራም ጸሐፊ የሚመች ነው፤ ዋጋው 199 ዶላር ነው፤ ኢንተርኔት የሚያገናኝ ሞደም አብሮት ተሠርቷል፤ በአሜሪካ የወጣው 18 ያህል ጌሞች ይዞ ነው። በመጀመሪያው ዕለት ብቻ ከ225,000 በላይ ኮንሶሎች ተሸጡ።

ሆኖም ጥሩ ኮንሶል መሥራት ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አልፎ ነበር። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 2ን አስቀድሞ በማርች 1999 አስተዋውቆ ስለነበር ብዙ ገዢ እጁን ሰብስቦ መጠበቅን መረጠ፤ ሴጋ ሲዲን፣ 32ኤክስንና ሳተርንን ተራ በተራ ገዝቶ የተቃጠለ ሰው መጠበቁ አያስገርምም። በስፖርት ጌሞቹ ለጄነሲስ ድል ትልቅ አስተዋጽኦ ያደረገው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት ጌም አልሠራም አለ። ሴጋ በራሱ ስቱዲዮዎች ጥሩ የስፖርት ጌሞች ቢያወጣም ማደን (Madden) የተባለውን የኤሌክትሮኒክ አርትስ የአሜሪካ ፉትቦል ጌም ስም የሚተካ አልተገኘም። ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ዲቪዲ ያጫውት ነበር፤ በጃፓን ሲወጣ ከብዙ ዲቪዲ ማጫወቻዎች ዋጋው ስላልራቀ ለጌም ደንታ የሌለው ቤተሰብም ገዛው።

ከሁሉ በላይ ገንዘቡ አልቆ ነበር። ሴጋ በማርች 1998 ባበቃው የበጀት ዓመት 35.6 ቢሊዮን የን ከስሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታትም የኪሳራ ነበሩ። ዋጋ መቀነስ፣ ማስታወቂያ ማብዛትና ኢንተርኔት ማቅረብ ሁሉም ተጨማሪ ወጪ ጠየቁ። በወቅቱ የአሜሪካውን ቅርንጫፍ ይመሩ የነበሩት ፒተር ሙር እስከ 2000 መጨረሻ በአሜሪካ 5 ሚሊዮን መሸጥ እንዳለበት አስልተው የነበረ ሲሆን የተሸጠው 3 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ምርቱ እንደሚቆም ተነገረ። የኩባንያው መሪ ኢሳኦ ኦካዋ ለሴጋ ያበደሩትን ዕዳ ትተውና የግል አክሲዮኖቻቸውን ሰጥተው ኩባንያውን ከውድቀት አትርፈውት በማርች 2001 ዐረፉ።

ድሪምካስትን የገደለው የተባዛ ሲዲ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ሴጋ ጌሞቹን ጂዲ-ሮም በሚባል፣ አንድ ጊጋባይት ገደማ በሚይዝና በተራ ኮምፒዩተር በማይባዛ ልዩ ዲስክ ላይ ነበር የሚያወጣው። ነገር ግን ኮንሶሉ ሚል-ሲዲ የሚባሉ የሙዚቃ ዲስኮችን እንዲያነብ የተተወለት በር በ2000 ተገኝቶ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ቺፕ ተራ ሲዲ ላይ የተባዛ ጌም ማጫወት ተቻለ። ይህ ጉዳት አላደረሰም አይባልም። ግን በሩ በተገኘበት ጊዜ የጃፓን ሽያጭ ቀድሞውኑ ደክሞ፣ የኤሌክትሮኒክ አርትስም ውሳኔ ያለቀለት ነገር ነበር።

ፕሌይስቴሽንም ቢሆን በሰፊው ተባዝቷል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን በየሰፈሩ የተከፈቱት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ልጆችን ያስተማሩት በአብዛኛው በተባዛ ሲዲ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሶኒ በዚህ አልወደቀም፤ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል እጅግ ብዙ ደንበኛ በሌላው ዓለም ነበረውና።

ኒንቴንዶም ተሸንፎ ነበር። እሱ ሳይወጣ ሴጋ ለምን ወጣ?

ኒንቴንዶ 64 የተሸጠው 33 ሚሊዮን ገደማ፣ ተከታዩ ጌምኪዩብ ደግሞ 22 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ሁለቱም ከሶኒ ጋር ሲነጻጸሩ ሽንፈት ናቸው። ልዩነቱ ኒንቴንዶ በእጅ በሚያዝ ጌም ተወዳዳሪ አልነበረውም። ጌም ቦይ ከተከታዩ ከጌም ቦይ ከለር ጋር 118 ሚሊዮን ተሽጧል፤ ፖክሞን በ1996 ሲመጣ ደግሞ ያረጀ የመሰለው መሣሪያ እንደገና ወርቅ ሆነ። የሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም ስክሪን የነበረው ቢሆንም ስድስት ባትሪ ዐምስት ሰዓት ሳይሞላው ይጨርስ ስለነበር ከ11 ሚሊዮን አላለፈም። አንዱ ኮንሶል ሲከስር የሚደግፈው ሌላ ምንጭ ሴጋ አልነበረውም፤ በጃፓን የአዳራሽ ማሽን ገበያም በዚያው ዘመን እየቀዘቀዘ ሄደ።

ድሪምካስት ዲቪዲ ቢኖረው ኖሮ ይተርፍ ነበር?

ይህ በጣም የሚወደድ ጥያቄ ነው፤ መልሴ ግን አይመስለኝም የሚል ነው። በ1998 የዲቪዲ ክፍል ውድ ስለነበር ቢጨመርበት 199 ዶላር የሚለው ዋጋ አይኖርም፤ ከዋጋው በስተቀር ደግሞ ሴጋ በሶኒ ላይ የነበረው ብልጫ ጥቂት ነው። ሶኒ ዲቪዲውን ርካሽ ማድረግ የቻለው ክፍሎቹን ራሱ ስለሚያመርትና የመጀመሪያ ዓመት ኪሳራን የሚችል አቅም ስለነበረው ነው። ሴጋ ዋናውን የምስል ቺፕ እንኳ የሚጠብቀው ከኤንኢሲ ነበር፤ ቺፑ በበቂ ባለመድረሱም በጃፓን የመጀመሪያው ሽያጭ ተደናቅፏል።

የተሻለው ጥያቄ ሴጋ በ1994 32ኤክስን ባያወጣና ሳተርንን በተባለው ቀን ቢያወጣ ምን ይሆን ነበር የሚለው ይመስለኛል። ፕሌይስቴሽንን ያሸንፍ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ሁለተኛ ሆኖ ግን በተጠራቀመ ገንዘብና ካልተቀየሙ ቸርቻሪዎች ጋር ወደ 1999 መግባት ይችል ነበር። ጌምኪዩብ 22 ሚሊዮን ሸጦ ባለቤቱን እንዳላጠፋው ሁሉ፣ በዚያ ሁኔታ የገባ ድሪምካስትም ሦስት አራት ዓመት ለመቆየት የሚያበቃ ገበያ ባገኘ ነበር።